አሮጌው የእንጨት መስኮት ይጠገን ወይስ ይቀየር?

ቤቴ ዋሽንግተን ዲሲ፣ ፔትዎርዝ ነው። እንደ ብዙዎቹ የሰፈሩ ቤቶች በ1920ዎቹ የተሠራ ነው፤ ፊት ለፊቱ በረንዳ አለው፣ ግራና ቀኙ ከጎረቤት ጋር ተጣብቋል። አሥራ አንድ የእንጨት መስኮት አለው። ስንገባ ከአሥራ አንዱ የሚከፈቱት ሁለት ብቻ ነበሩ። አንደኛው ቢከፈትም በመጥረጊያ እንጨት ካልተደገፈ ዱብ ይላል። የልጄ ጣት ለጥቂት ነው የተረፈችው።

እኛ አገር የለመድነው መስኮት እንደ በር ገፋ ተደርጎ የሚከፈት ነው። ይሄኛው ወደ ላይና ወደ ታች ይንሸራተታል። ሁለት ክፈፍ አለው፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች። እዚህ «ሳሽ» ነው የሚሏቸው፣ እኔም እንደዚያው ልበላቸው። ለወራት የላይኛው ሳሽ የማይንቀሳቀስ መስሎኝ ነበር። ለካ እሱም ይወርዳል። በሰመር ከላይ ትንሽ፣ ከታች ትንሽ ስትከፍቱት ሙቁ አየር በላይ ይወጣል፣ ቀዝቀዝ ያለው በታች ይገባል። ኤሲ ባልነበረበት ዘመን ቤቱ የሚተነፍሰው እንዲህ ነበር።

መጀመሪያ ያማከርኩት የአዲስ መስኮት ሻጭ ነበር። ሳሎን ቁጭ ብሎ ሁለት ሰዓት አወራኝ። ከቦርሳው ናሙና መስታወት አወጣ፣ ከጀርባው የሚያቃጥል መብራት አብርቶ «እጅህን አስጠጋ» አለኝ። ቀጥሎ ዋጋ ጻፈ፤ ሰረዘና ቀነሰ፤ ደግሞ ሰረዘ። «ይሄ ዋጋ ዛሬ ከፈረምክ ብቻ ነው» አለ። መርካቶ ዕቃ ገዝቶ የሚያውቅ ሰው ይህን ጨዋታ አይስተውም። ቡና አጠጥቼ ሸኘሁት።

ከሄደ በኋላ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ሰውየው ሲያወዳድር የቆየው የእሱን አዲስ መስኮት ከእኔ የተሰበረ መስኮት ጋር ነው። ገመዱ የተበጠሰ፣ መስታወቱን የሚይዘው ስቱኮ የረገፈ፣ በቀለም የታሸገ መስኮትን ማሸነፍ ማን ያቅተዋል? መወዳደር የነበረበት ከተጠገነው ጋር ነው። ስለዚህ እዚህ ጎን ለጎን የማቆመው አሮጌውን መጠገንን፣ ጠግኖ ከውጭ «ስቶርም ዊንዶው» የሚባል ሁለተኛ መስኮት መጨመርን፣ በቪኒል (በፕላስቲክ) መስኮት መቀየርን እና በአዲስ እንጨት መቀየርን ነው።

ግድግዳው ውስጥ ያለው ብረት

በየሳሹ ግራና ቀኝ ገመድ ታስሯል። ገመዱ ወደ ላይ ሄዶ ፑሊ ላይ ይዞርና ከፍሬሙ ጀርባ ወዳለ ባዶ ሳጥን ይወርዳል። ጫፉ ላይ ዱላ የመሰለ ከባድ ብረት ተንጠልጥሏል። ለአንድ መስኮት አራት ብረት ማለት ነው። የግራና የቀኙ ብረት አንድ ላይ የሳሹን ያህል ስለሚመዝኑ መስኮቱ ያቆማችሁበት ቦታ ይቆማል። የላይኛው ሳሽ ብረቶች ትንሽ ከበድ ይላሉ፤ ሳሹን ወደ ላይ ስበው እንዲይዙት። የታችኛው ቀለል ይላሉ፤ የተዘጋው መስኮት በራሱ እንዳይነሳ። እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ውስጥ ቶሎ የሚያልቀው ገመዱ ነው። የገመድ ዋጋ ደግሞ ታውቁታላችሁ።

እንጨቱም የዋዛ አይደለም። ያኔ ለመስኮት የሚቆረጠው ጫካ ውስጥ በጥላ ቀስ ብሎ ያደገ ዛፍ ነበር፤ ቀለበቶቹ የተጠጋጉ፣ ጥቅጥቅ ያሉ ናቸው። ዛሬ ተተክሎ ቶሎ ከሚቆረጠው ጥድ ይልቅ መበስበስን ይቋቋማል። መስታወታችሁ ሞገድ ሞገድ ካለው ደግሞ አትጣሉት። ብዙ ሰው «መስታወት በዘመን ብዛት ወደ ታች ይፈሳል» ይላል፤ ተረት ነው። ሞገዱ ከአሠራሩ የመጣ ነው።

መጠገን

እኛ የጠገንነው ከጋሼ ጋር ነው። ጋሼ አዲስ አበባ አናጢ ነበሩ፤ አሁን ጡረታ ላይ ናቸው፤ የተዋወቅነው ቤተ ክርስቲያን ነው። መስኮቶቹን አንድ በአንድ አዩና «ልጄ፣ ይሄ አልሞተም፤ ተለጥፎ ነው» አሉ።

በከተር በሳሹና በፍሬሙ መካከል የተጋገረውን ቀለም ቆረጡት። ከውስጥ በኩል ያለውን ቀጭን ማቀፊያ እንጨት በመሮ ቀስ አድርገው ነቀሉ። የታችኛው ሳሽ ወጣ። ከፍሬሙ ጎን ዝቅ ብሎ፣ በቀለም ተደፍኖ የማይታይ ትንሽ ክዳን አለ። ጋሼ በጥፍራቸው ሲዳብሱ ቆይተው አንዲት ብሎን አገኙ፤ በካቻቢቴ ፈቷት። እጃቸውን ከትተው ዝገት የለበሰ፣ ክንድ የሚያክል ብረት ጎትተው አወጡ። የተበጠሰው ገመድ ቋጠሮ ጫፉ ላይ እንደታሰረ አለ። አገላብጠው አዩትና «ጎበዝ ነው ያሰረው» አሉ።

አዲሱ ገመድ በፑሊው አልፎ እንዲወርድ በክር የታሰረ የተጣመመ ምስማር አስቀድመው ላኩ። ሰው የሚሳሳተው ልኩ ላይ ነው። ሳሹ እስከ ላይ ሲነሳ ብረቱ የሳጥኑን ወለል መንካት የለበትም፤ አራት ጣት ያህል ይቅረው። ሳሹ ሲዘጋ ደግሞ ብረቱ ከፑሊው ጋር መጋጨት የለበትም። ገመድ ስትገዙ ለመስኮት ተብሎ የተጎነጎነ የጥጥ ገመድ ይሁን። ናይለን ይለጠጣል፤ ዛሬ የለካችሁት ነገ ይረዝማል። ሳሹ በጣም ትልቅና ከባድ ከሆነ ሰንሰለት ይሻላል፤ ትንሽ ይንኮሻኮሻል እንጂ ዕድሜው ረጅም ነው።

ስቱኮው የተልባ ዘይትና የኖራ ድንጋይ ዱቄት ነው። አሮጌው ካልረገፈ በግድ አትንቀሉት፤ መስታወት የሚሰበረው ያኔ ነው። አዲሱ ቆዳ እስኪያወጣ አንድ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል፤ ቀለም ከዚያ በኋላ። ቀለሙም ስቱኮው ጫፍ ላይ አይቁም፤ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል መስታወቱ ላይ ይውጣ። ዝናቡን የሚያግደው ያቺ ቀጭን መስመር ናት።

የበሰበሰ ካለ ካቻቢቴ ወግታችሁ እዩ። ጫፉ ብቻ የሚገባ ከሆነ ኢፖክሲ በሚባል ደርቆ በሚጠነክር ሙጫ ይድናል። እጀታው ድረስ ከጠለቀ ቁራጩን አውጥቶ አዲስ እንጨት የሚገጥም አናጢ ያስፈልጋል።

ወጪውስ? የገመዱ፣ የስቱኮውና የብርጭቆ ወረቀቱ ዋጋ ለአንድ መስኮት ከአንድ ቤተሰብ የምግብ ቤት ሒሳብ አይበልጥም። ውዱ የእጅ ሥራው ነው። ባለሙያ ሙሉ ለሙሉ ሲያድሰው ለአንዱ መስኮት ብዙ መቶ ዶላር፣ አንዳንዴም ከ1,000 ዶላር በላይ ይጠይቃል። እኛ የመጀመሪያውን ስንሠራ ቅዳሜና እሑድ አለቀብን። አምስተኛው ላይ ስንደርስ ግማሽ ቀን በቃን።

መጠገን ብቻውን ግን ብርዱን አይጨርሰውም። መስታወቱ አሁንም አንድ ገጽ ነው። በጃንዋሪ ሌሊት አጠገቡ ቁጭ ብትሉ ይሰማችኋል።

መጠገንና ስቶርም ዊንዶው

ስቶርም ዊንዶው ከውጭ በኩል የሚገጠም ሁለተኛ መስኮት ነው፤ ብዙውን ጊዜ የአሉሚኒየም ፍሬም አለው። ሙቀት ምን ያህል እንደሚያመልጥ የሚለካበት ቁጥር ዩ-ፋክተር ይባላል፤ ባነሰ ቁጥር ይሻላል። አንድ ገጽ መስታወት ወደ 1.0 ይጠጋል። ስቶርም ሲጨመርበት በግማሽ ገደማ ይወርዳል፤ ሎው-ኢ የሚባለው ሙቀት መላሽ ስስ ሽፋን ያለው ከሆነ ከዚያም ዝቅ ይላል። አዲስ ድርብ መስታወት 0.30 አካባቢ ነው። ልዩነቱ አለ፣ አይካድም። ግን ሻጩ እንደነገረኝ የሰማይና የምድር አይደለም።

ናሽናል ትረስት ፎር ሂስቶሪክ ፕሪዘርቬሽን በ2012 ባወጣው ጥናት አሮጌ መስኮት ተጠግኖ ስቶርም ሲጨመርበት ከአዲስ ጥሩ መስኮት ጋር የሚቀራረብ ውጤት በጣም ባነሰ ወጪ ይሰጣል ብሏል። ተቋሙ የአሮጌ ቤት ጠበቃ መሆኑን እያሰባችሁ አንብቡት። እኔ ግን በጆሮዬ የመሰከርኩት ሌላ ጥቅም አለው፤ ድምፅ። በስቶርሙና በአሮጌው መስታወት መካከል ያለው ክፍተት ከድርብ መስታወት ክፍተት በጣም ይሰፋል። የጆርጂያ አቬኑ አውቶቡስ ከዚያ ወዲህ ከእንቅልፌ ቀስቅሶኝ አያውቅም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ከስቶርሙ ግርጌ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ። ብርድ ያስገባሉ ብላችሁ በሲሊኮን እንዳትደፍኗቸው። የገባው ውሃ የሚወጣው በነሱ ነው። ከተደፈኑ ውሃው ደፉ ላይ ተኝቶ እንጨቱን ያበሰብሰዋል። ጎረቤቴ ደፍኖ ነበር፤ በሁለት ዓመቱ ጋሼን ፈለገ።

ቪኒል

ቪኒል መጥፎ ነው ብሎ መደምደም ቀላል ነው፤ ግን ጥቅሙ እውነተኛ ነው። ቀለም አይፈልግም። ወደ ውስጥ ስለሚያጋድል ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለውን እንኳ ቤት ውስጥ ቆማችሁ ታጥቡታላችሁ። ሙሉ ቤት በአንድ ሁለት ቀን ያልቃል። ለአንድ መስኮት ከነመግጠሚያው ከ400 እስከ 1,000 ዶላር ብታስቡ ከገበያው ብዙ አትርቁም።

ችግሩ ሲበላሽ ነው። በሁለቱ መስታወት መካከል ያለው ማሸጊያ አንድ ቀን ይለቃል። ያኔ ጉም ይገባበታል፤ ብትወለውሉት አይለቅም፣ ምክንያቱም በመካከል ነው። ስቱኮ ቀይሮ የሚያድነው አናጢ የለም፤ መስታወቱ ከነጥንዱ ይቀየራል። ካምፓኒው ያንን ሞዴል ካቆመ ሙሉው መስኮት ይቀየራል። ስለዚህ «የዕድሜ ልክ ዋስትና» ሲሏችሁ የማንን ዕድሜ እንደሆነ ጠይቁ። ለመስታወቱ ስንት ዓመት? የእጅ ሥራውን ይጨምራል? ቤቱ ሲሸጥ ለገዢው ይተላለፋል?

ሌላም ሁለት ነገር። አዲሱ ፍሬም አሮጌው ፍሬም ውስጥ ስለሚገባ የመስታወቱ ስፋት ይቀንሳል፤ ጠባብ ክፍል ይጨልማል። ደግሞ ብረቶቹ ተቆርጠው ሲጣሉ ሳጥኑ ባዶውን ይቀራል። ብዙ ገጣሚ ሳይሞላው ያልፈዋል፤ ብርዱ በዚያ ይመጣል። ውሉ ላይ «ሳጥኑ በኢንሱሌሽን ይሞላል» የሚል መስመር አስጽፉ።

የታክስ ነገር ካነሱባችሁ ደግሞ፣ ለአዲስ መስኮት እስከ 600 ዶላር የነበረው የፌዴራል ክሬዲት በ2025 መጨረሻ አብቅቷል።

አዲስ እንጨት

ከአራቱ በጣም ውዱ ነው። በልክ የሚሠራ ጥሩ የእንጨት መስኮት ከቪኒሉ ሁለትና ሦስት እጥፍ ሊደርስ ይችላል። የሚያስፈልገው አሮጌው ጨርሶ ከጠፋ ወይም የቀድሞ ባለቤት አውጥቶ ከጣለው ነው። ካፒቶል ሂል፣ ማውንት ፕሌዘንት፣ ለድሮይት ፓርክ ወይም ብሉሚንግዴል ከሆናችሁ ሰፈሩ በታሪካዊነት ተመዝግቧል። የፊት ለፊት መስኮት ለመቀየር ፈቃድ ያስፈልጋል፤ አዲሱም አሮጌውን መምሰል አለበት። ቪኒሉን ገዝታችሁ ከገጠማችሁ በኋላ አውጡ መባል አለ።

እርሳስ ያለበት ቀለም

ይህን ሳታነቡ መሮ አታንሱ። አሜሪካ ውስጥ እርሳስ (መጻፊያው ሳይሆን «ሌድ» የሚባለው መርዛማ ብረት) ያለበት የቤት ቀለም የታገደው በ1978 ነው። ቤታችሁ ከዚያ በፊት ከተሠራ መስኮቱ ላይ አለ ብላችሁ ተነሱ። መስኮት ደግሞ ሲንሸራተት ቀለሙን ይፈጫል፤ አቧራው ልጆች እጅ ላይ ይደርሳል። በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉ፤ እርጥብ አድርጉት። በእሳት አታቃጥሉት። ወለሉን ፕላስቲክ አንጥፉ፣ ደቃቅ አቧራ የሚይዝ ሄፓ የተባለ ማጣሪያ ባለው ቫኪዩም ጥረጉ። ትንንሽ ልጆችና ነፍሰ ጡር በዚያ ቀን ቤት አይዋሉ።

ኮንትራክተር ካስገባችሁ፣ አሮጌውን ለመጠገንም ይሁን ቪኒል ለመግጠም፣ በእንዲህ ዓይነት ቤት ለመሥራት ከፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት (ኢፒኤ) የተሰጠ ሰርተፊኬት ሊኖረው ይገባል። ሕጉ ከ2010 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። የምትኖሩበትን የራሳችሁን ቤት ራሳችሁ ብትሠሩ አይመለከታችሁም። ቤዝመንቱን አከራይታችሁ የተከራዩን መስኮት በእጃችሁ ከጠገናችሁ ግን ይመለከታችኋል፤ ኪራይ ተቀብላችኋልና። ይህን የማያውቅ ስንት ሐበሻ አከራይ አለ!

የእኔ አሥራ አንዱ

የፊት ለፊቱን አምስት ጠግነን ስቶርም ጨመርንላቸው። የመኝታ ቤቱንም ሦስት እንደዚያው። በአንድ ጣት ይነሳሉ፤ ልጄ እንግዳ ሲመጣ ያሳያል።

የኩሽናውና የሻወሩ ግን ቪኒል ሆኑ። የኩሽናው ደፍ ከላይ በሚያፈስ አሸንዳ ለዓመታት ውሃ ጠጥቶ ካቻቢቴው እስከ እጀታው ገባበት። የሻወሩን እንፋሎት ጨርሶታል። ለሁለቱ አናጢ ከመክፈል ቪኒሉ አዋጣኝ፤ አልቆጨኝም። አሸንዳውን ግን አስቀድሜ ነው ያሠራሁት፤ ያለዚያ ከአዲሱም ሥር ያለው እንጨት መበስበሱ አይቀርም ነበር።

የቀረው የደረጃው መስኮት ነው። መሰላል ላይ ተወጥቶ የሚሠራ ስለሆነ ጋሼን አላስወጣቸውም። ገመዱን ቆርጠው፣ አንዱን ጫፍ ቋጥረው ኩሽናው ሚስማር ላይ ሰቅለውልኛል። ብርዱ ወጣ ሲል እኔ እወጣለሁ፤ እሳቸው ከታች ሆነው ይቆጡኛል።