ለባሌ ተራሮች የእግር ጉዞ የትኛው ካሜራ ይገዛ? ጎፕሮ፣ ፖኬት ወይስ ሶኒ

ከዲንሾ ተነሥተው በዌብ ሸለቆ በኩል ወደ ሳነቴ አምባ ለመውጣት፣ ከዚያም ወደ ሐረና ደን ለመውረድ ያቀዱ ጓደኛሞች ጉዟቸውን ራሳቸው ሊቀርጹ ሲያስቡ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ ምስል ጥራት ነው። እዚህ የሚነጻጸሩት ጎፕሮ ሂሮ 13 ብላክ፣ ዲጄአይ ኦዝሞ ፖኬት 3 እና ሶኒ ዜድቪ-ኢ10 ሦስቱም በ4ኬ ስለሚቀርጹ፣ በጥራት ብቻ መምረጥ ብዙ አያራምድም። ልዩነታቸው ጎልቶ የሚታየው ለቀናት መብራት በማይገኝበት፣ ሌሊቱ ውርጭ በሆነበትና ቀራጩም እንደ ሌሎቹ ዳገት በሚወጣበት መንገድ ላይ ነው።

ጎፕሮው 159 ግራም ብቻ ይመዝናል፤ ያለ ተጨማሪ ሽፋን እስከ 10 ሜትር ጥልቀት ውኃ ይቋቋማል፤ ባትሪውም ስለሚቀየር ትርፍ ባትሪዎችን ይዞ መሄድ ይቻላል። በቦርሳ ማንገቻ ላይ ታስሮ የእርምጃውን ንቅናቄ በሚገባ ያረጋጋል፤ ዝናብ ሲመጣም ማንም ሊደብቀው አይሮጥም። ድካሙ በሁለት ቦታ ይታያል። ብርሃን የሚቀበለው ክፍል፣ ማለትም ሴንሰሩ፣ ትንሽ በመሆኑ ቅርንጫፍ ብርሃኑን በጋረደበት የሐረና ደን ውስጥና ማታ እሳት ዳር ምስሉ ይሻክራል፤ ሌንሱም እጅግ ሰፊ ስለሆነ ሃምሳ ሜትር ርቆ የሚሄድ ቀይ ቀበሮ በምስሉ ላይ ነጥብ ሆኖ ይቀራል።

ፖኬት 3 የተሠራው ከዚህ በተለየ አስተሳሰብ ነው። ባለ 1 ኢንች ሴንሰሩ በደብዛዛ ብርሃን ከጎፕሮው በግልጽ ይሻላል፤ ካሜራውን የተሸከመው ባለ ሦስት ዘንግ ማረጋጊያም የሚናገረውን ሰው ፊት እየተከተለ ይዞራል። ከሁሉ በላይ የምወድለት ግን የዚያው ኩባንያ ገመድ አልባ ማይክ ያለ ተቀባይ በቀጥታ የሚገናኘው መሆኑ ነው። ሳነቴ ላይ ነፋሱ የሰውን ድምፅ ይውጠዋል፤ ፀጉራም ሽፋን ያለው ትንሽ ማይክ አንገትጌ ላይ ሲሰካ ግን ቢያንስ ማን ምን እንዳለ ይሰማል። በአንጻሩ ውኃ አይቋቋምም፤ ባትሪውም ከውስጥ የተገጠመ ስለሆነ አይወጣም። 20,000 ሚሊአምፔር-ሰዓት የሚይዝ ፓወር ባንክ 74 ዋት-ሰዓት ገደማ ስላለው፣ በመንገድ የሚባክነው ተቀንሶ ፖኬቱን አራት ወይም አምስት ጊዜ ይሞላል። መጠኑም አየር መንገዶች በእጅ ሻንጣ ያለ ልዩ ፈቃድ ከሚያሳልፉት የ100 ዋት-ሰዓት ወሰን በታች ስለሆነ፣ በአውሮፕላን ወደ ሮቤ ለሚሄዱ አያስቸግርም።

ሶኒው ከሌሎቹ የሚለየው ሌንሱ የሚቀየር በመሆኑ ነው። በባሌ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከ500 በታች እንደሆኑ ይገመታል፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትም እዚሁ ይኖራሉ፤ ፍልፈል የሚያድኑት በቀን ስለሆነ ብርሃን አይጎድልም፤ እንስሳውን ሳይጠጉና ሳይረብሹ ለመቅረጽ ግን እንደ ባለ 55-210 ሚሊሜትሩ ያለ ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ ሌንስ ያስፈልጋል። ካሜራው ከዚህና አብሮት ከሚሸጠው ሌንስ ጋር 800 ግራም ይደርሳል፤ አካሉ ውስጥ ማረጋጊያ ስለሌለውም እየተራመዱ የቀረጹት ይንቀጠቀጣል። ከብዶ ፈረስ ላይ ከተጫነ ደግሞ ቀበሮው ጭነቱ እስኪፈታ ቆሞ አይጠብቅም።

በዋጋ ረገድ፣ ገበያ ላይ ሲወጡ ጎፕሮው 400፣ ፖኬቱ 519፣ ሶኒው ያለ ሌንስ 700 ዶላር ገደማ ነበሩ። የአዲስ አበባ ዋጋ ከዚህ ስለሚለይ፣ ንጽጽሩ ላይ ማይኩን፣ ፓወር ባንኩንና ሚሞሪ ካርዱን መደመር ይገባል። በሴኮንድ 100 ሜጋቢት የሚቀርጽ ካሜራ በሰዓት 45 ጊጋባይት ስለሚፈጅ፣ 128 ጊጋባይት ካርድ ሦስት ሰዓት እንኳ አይሞላም።

አራት ወይም አምስት ሆነው አንድ ካሜራ ብቻ በጋራ ለሚገዙና ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው በጋ ለሚጓዙ ፖኬት 3ን እመርጣለሁ፤ የጓደኛሞች ፊልም ከመልክዓ ምድሩ ይልቅ በጨዋታቸውና በንትርካቸው ስለሚያምር፣ ፊትና ድምፅን በደንብ የሚይዝ መሣሪያ ይቀድማል። በክረምት የሚሄዱ ግን ያለ ማመንታት ጎፕሮውን ይውሰዱ። ሶኒው የሚያዋጣው ከመካከላቸው አንዱ ካሜራ የለመደና ሁልጊዜ ከኋላ መቅረትን የማይጠላ ከሆነ ብቻ ነው። ድሮን ያለ ፈቃድ ወደ አገር ማስገባት ስለማይቻል ከሒሳቡ አወጣሁት።

የትኛውም ቢገዛ ብርድ የባትሪን አቅም ስለሚቀንስ፣ ባትሪዎቹና ፓወር ባንኩ በካልሲ ተጠቅልለው ከሰው ጋር የመኝታ ከረጢት ውስጥ ይደሩ። አዲስ ፖኬት 3 ደግሞ ሥራ የሚጀምረው በስልክ መተግበሪያና በኢንተርኔት ከተመዘገበ በኋላ ስለሆነ፣ ከውጭ አገር ዘመድ የላከውን ካሜራ ሳጥኑን ሳይከፍቱ ወደ ዲንሾ ይዞ መሄድ አይገባም።