«ጆርኒ ኢን ሳቺዳናንዳ»፦ ለሃርፑ ብላችሁ ከሆነ የምትገዙት

ክራር ስለምጫወት ጆሮዬ ቀድሞ የሚሮጠው ወደ ክር ነው። ይህን የአሜሪካዊቷን የጃዝ ሙዚቀኛ የአሊስ ኮልትሬንን አልበም የገዛሁትም ለሃርፑ፣ ማለትም በሁለት እጅ ለሚደረደረው ትልቅ የክር መሣሪያ ብዬ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 የወጣ ነው። አምስት ሥራ ብቻ ይዟል፤ አርባ ደቂቃ እንኳ አይሞላም።

የመጀመሪያው ሥራ ሲከፈት ታንፑራ የሚባለው የህንድ መሣሪያ አንድ ድምፅ ይዞ ያንዣብባል። ሴሲል ማክቢ በቤዝ አንዲት አጭር ዜማ እየደጋገመ ይገባል። ከዚያ ሃርፑ ከላይ ይወርዳል። በስልክ ስፒከር እንዳትሰሙት፤ ቤዙ ድራሹ ይጠፋል፣ ቤዙ ከጠፋ ደግሞ ሃርፑ የሚያርፍበት የለውም።

የኮንሰርት ሃርፕ 47 ክርና በእግር የሚረገጡ 7 ፔዳሎች አሉት። እያንዳንዱ ፔዳል የአንድን ኖታ ክሮች በሙሉ በአንዴ ግማሽ ድምፅ ከፍ ወይም ዝቅ ያደርጋል። ፔዳሎቹ አስቀድመው ከተስተካከሉ፣ እጅ ከዳር እስከ ዳር ቢሮጥም ከቅኝቱ የሚወጣ ድምፅ አይኖርም። እኛ ክራሩን ባቲ ቃኝተን ሳንሳቀቅ እንደምንደረድረው ማለት ነው። አሊስ የምትጫወተው በዚህ ነፃነት ነው። «ጌጥ ብቻ ነው» የሚሏት ሰዎች አሉ፤ እኔ አልስማማም። ሳክስፎኑ ትንፋሽ ሲወስድ ሙዚቃውን ተሸክማ የምታቆየው እሷ ናት።

ሃርፑን ያዘዘላት ባሏ፣ ሳክስፎን ተጫዋቹ ጆን ኮልትሬን ነበር። ቤት የደረሰው ግን እሱ በ1967 ካረፈ በኋላ ነው። እሷ በ1937 ዲትሮይት ተወልዳ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ኦርጋን እየተጫወተች ያደገች ሴት ናት። በ1966 በባሏ ባንድ ውስጥ የፒያኒስቱን የማኮይ ታይነርን ቦታ ተክታለች። ሃርፑን በአብዛኛው ራሷን በራሷ አስተማረች፤ ያውም ልጆች እያሳደገች። ከአምስቱ ሥራዎች አራቱ የተቀዱት ሎንግ አይላንድ፣ ዲክስ ሂልስ በሚገኘው ቤቷ ውስጥ ባለው ስቱዲዮ ነው።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ሦስተኛውና አራተኛው ሥራ ላይ ሃርፕ የለም፤ ፒያኖ ነው የምትጫወተው። አራተኛው ለባሏ መታሰቢያ ነው፣ ፒያኖዋም ውስጥ የዲትሮይቱ ቤተ ክርስቲያን ይሰማል፤ ስለዚህ ይቅር ብያለሁ። ሦስተኛው ግን ሦስት ደቂቃ የማይሞላ መሸጋገሪያ ነው፣ ባይኖርም አይጎድለኝም። የፋሮ ሳንደርስ ሶፕራኖ ሳክስፎንም አንዳንዴ ሃርፑን ይሸፍነዋል። ድምፁ ውብ ነው፣ ግን ትንሽ ዝቅ ቢደረግልኝ ደስ ይለኝ ነበር።

የመጨረሻው ሥራ እ.ኤ.አ. በጁላይ 4 ቀን 1970 ኒው ዮርክ፣ ቪሌጅ ጌት ክለብ ውስጥ በቀጥታ የተቀዳ ነው። ቤዙን ቻርሊ ሄይደን ይዞታል፣ ቪሽኑ ዉድ ደግሞ ዑድ የሚባለውን የዐረቦች የክር መሣሪያ ይጫወታል። ሃርፕና ዑድ አንድ መድረክ ላይ! የቀረጻው ጥራት ከቤቱ ስቱዲዮ ያንሳል፣ የሚረዝመውም እሱ ነው። ክር የሚወድ ሰው ግን እዚህ ጋ ቁጭ ብሎ ይስማ። እኔ አልበሙን ብዙ ጊዜ የምጀምረው ከዚሁ ነው።

በኋላ ካሊፎርኒያ ገብታ መንፈሳዊ ማዕከል መሥርታለች። እዚያ ለተከታዮቿ በካሴት ያወጣቻቸው መዝሙሮች በአብዛኛው ኦርጋን፣ ሲንተሳይዘርና ድምጿ ናቸው። በ2007 አርፋለች። የተወሰኑትን መዝሙሮች ሉዋካ ቦፕ የተባለ የሙዚቃ አሳታሚ በ2017 መርጦ በድጋሚ አሳትሟቸዋል። ደስ ይላሉ፣ ግን ሃርፕ ፈልጋችሁ እዚያ አትሂዱ።

ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ። ሃርፏን ጥርት ብሎ መስማት የፈለገ በ1968 ያወጣችውን «ኤ ሞናስቲክ ትሪዮ» ይያዝ፤ የመጀመሪያውን የሸክላ ገጽ ይለፈውና ሁለተኛውን ይክፈት። እዚያ ሃርፕ፣ ቤዝና ከበሮ ብቻ ናቸው፤ ሳክስፎን የለም።