ደሴ ላይ ልጄን ቁጭ ብለው ላዩልኝ የሕፃናት ሐኪም

ይህን የምጽፈው ልጄ አጠገቤ ተኝቶ ነው። ትንፋሹ አይሰማም። አይሰማም! ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ ፉጨት እንቅልፍ አጥታ ላደረች እናት ይህ ምን ማለት እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል። አልሐምዱሊላህ።

ከተወለደ ጀምሮ ሲተነፍስ ድምፅ ነበረው። ያልወሰድኩበት ቦታ የለም። «አስም ነው» እያሉ የሚነፋ መድኃኒት ሰጡኝ፤ አልሻለው ሲል ሌላ ጨመሩበት። አንድ ቦታማ «አነፋፉን ስለማታውቂበት ነው» ተብዬ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ አልቅሼ ወጥቻለሁ። የደሴ ብርድ ነው ሲሉኝ ቤቴን ነቅዬ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ሙቀቱም አልረዳውም። ጠንከር ያለ ምግብ ሲቀምስ ይታነቃል ብዬ ስናገር ጆሮ የሰጠኝ አልነበረም።

እኚህ ዶክተር ግን ማዳመጫቸውን ከማንሳታቸው በፊት «እስኪ አጉርሺው» አሉኝ። ወረፋው በር ላይ ቆሞ እያለ ቁጭ ብለው አዩት። አንገቱን ወደ ኋላ ቀልብሶ አየር ሲስብ አዩ። «እህቴ፣ ይህ ድምፅ መቼ ጀመረው?»

«በተወለደ በሳምንቱ።»

«አስም እንዲህ አይጀምርም። የነገርሽኝን ሁሉ አምንሻለሁ።»

ያችን ቃል እስክሞት አልረሳትም።

ነጭ ፈሳሽ እያስዋጡ ራጅ አስነሱት፣ ወዲያው ለአዲስ አበባ ደብዳቤ ጻፉልኝ፤ ስልክም ራሳቸው ደወሉ። እዚያ በሲቲ ስካን ሲታይ፣ ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ሥር ገና በማህፀን ሳለ ለሁለት ተከፍሎ የአየር ቧንቧውንና የምግብ ቧንቧውን እንደ ቀለበት አንቆ ይዟቸው ነበር። ዝርዝሩ ለእኔ አይገባኝም። ቀለበቱን በቀዶ ሕክምና ፈቱለት። የፈቱትን እጆች አላህ ይጠብቅልኝ። ድምፁ ለወራት ሊቆይ እንደሚችል፣ ቧንቧው እስኪጠነክር እንዳልደነግጥ አስቀድመው የነገሩኝም እኚሁ የደሴዋ ሐኪም ናቸው። በቀዶ ሕክምናው ዕለት ማታ ደውለው «በላ ወይ?» ብለውኛል።

የወሎ እናቶች፣ መድኃኒት አቋርጡ አላልኩም፤ አስም ያለበት ልጅ ብዙ ነው። ነገር ግን ድምፁ ከልደቱ ጀምሮ ከሆነ፣ የሚነፋው ካልረዳው፣ ሲበላ ከታነቀ፣ ዝም አትበሉ! እኚህን ሐኪም አሳዩ። ስማቸው በአደባባይ እንዲጻፍ ስላልፈለጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ። ኮምቦልቻ ያላችሁ ደግሞ ልጁን ይዛችሁ ኑ፤ እኔ ራሴ በራቸው ድረስ አደርሳችኋለሁ።