«የጊታር ኒትሮ» ተብሎ በሃይላንድ የሚሸጠውን እንዳትገዙ

ባህር ዳር ውስጥ ኤሌክትሪክ ጊታር በእጃችሁ የምትሠሩ ልጆች፣ ይቺን ሳታነቡ ቀለም እንዳትገዙ። ሰሞኑን በግማሽ ሊትር ሃይላንድ እየተቀዳ «ኦሪጅናል ኒትሮ፣ ለጊታር ብቻ» የሚባል ፈሳሽ ይሸጣል። ኒትሮ ማለት በቲነር የሚቀጥንና ቶሎ የሚደርቅ የጊታር መቀቢያ ቀለም ነው። ጋራዦች ለመኪና የሚጠቀሙበት ቀለም የዚህን ግማሽ ነው ዋጋው። የሻጩን ስም አልጠራም። ዕቃው ግን ኒትሮ አይደለም።

በምን አወቅክ ትሉኛላችሁ። ኒትሮ የሚደርቀው ቲነሩ ተኖ ሲያልቅ ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም። በስሱ ከተነፋ በደቂቃዎች ውስጥ እጅ አይዝም። ይኼኛው ግን በማግስቱም አውራ ጣት ሲያርፍበት አሻራ ይቀበላል። ሰነባብቶ ደርቋል ብዬ ጊታሩን አንግቼ ስጫወት፣ የሸሚዜ ክር ሳይቀር ጀርባው ላይ ታትሞ ቀረ። ሽታውም የቲነር ሳይሆን የዘይት ቀለም ነው። ተራ የዘይት ቫርኒሽ አቅጥነው የሸጡልኝ ይመስለኛል። እሱ የሚጠነክረው ከአየሩ ኦክስጅን እየወሰደ ስለሆነ ጊዜውን ይፈልጋል፣ ወፍራም ሆኖ ከተቀባ ደግሞ ላዩ ቆዳ ሠርቶ ውስጡ እንደለሰለሰ ይቆያል።

ወስጄ ሳሳየው ሰውየው ምን አለኝ መሰላችሁ? «ክረምት ስለሆነ ነው ወንድሜ፣ ፀሐይ ላይ አውጣው።»

ውሸቱ የሚያሳምነው ግማሽ እውነት ስላለበት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ፣ በተለይ ጣና ዳር ለሚኖር ሰው፣ ኒትሮ መንፋት እውነትም ጣጣ አለው፤ ቲነሩ ቶሎ ሲተን የቀለሙን ላይ ያቀዘቅዘዋል፣ በአየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት እዚያ ላይ ያርፍና ነጭ ጉም የመሰለ ነገር ይሠራል። ግን ያ መንጣት እንጂ መጣበቅ አይደለም። የነጣ ኒትሮ ላይ ደግሞ ደረቅ ያለ ቀን ጠብቃችሁ በጣም ስስ ቲነር ብትነፉበት ቀለሙ እንደገና ይሟሟና ብዙ ጊዜ ጉሙ ይለቃል። የኔው ላይ ቲነር ሲነካው ተኮማተረ። እንግዲህ ፍረዱ።

ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩ ፊት ትንሽ ቁራጭ እንጨት ላይ አስቀቡት። በጊዜው ደረቀ? ከደረቀ በኋላ በጨርቅ ቲነር ነክራችሁ አሹት። ኒትሮ ከሆነ ይሟሟል፣ ጨርቁ ላይም ይወጣል። ከተሸበሸበ የዘይት ነው። ምንም ካልሆነ ሃርድነር (ቀለሙን የሚያጠነክር ፈሳሽ) የሚገባበት ዓይነት ሊሆን ይችላል። ይኼን እንድታደርጉ የማይፈቅድ ሻጭ ከሆነ መልሱን ሰጥቷችኋል። ዋናው ቆርቆሮ ከነጽሑፉ ካልታየ ደግሞ ጭራሽ አትነጋገሩ።

«ለጊታር ብቻ» የሚለውም ወሬ ነው። የአሜሪካው ጊታር ሠሪ ፌንደር በ1950ዎቹና በ60ዎቹ (በፈረንጅ አቆጣጠር) ብዙ ባለቀለም ጊታሮቹን ይቀባ የነበረው ዱፖንት የሚባለው ኩባንያ ለመኪና ይሠራው በነበረው ቀለም ነበር። «ድምፁን ይከፍተዋል» የሚሉትንም እኔ አልቀበልም። የኤሌክትሪክ ጊታር ፒክአፕ (ከክሮቹ ሥር ያለው ማግኔት) የሚሰማው የብረቱን ክር ንዝረት ነው፣ የቀለም ልዩነት ቢኖረው እንኳ በአምፕሊፋየር ውስጥ አልፎ የሚለየው ጆሮ የማን እንደሆነ አላውቅም።

ታዲያ ምን እንቀባ? ለኔ የሚሻለው ጥሩ ጋራዥ ሄዶ ሃርድነር የሚገባበትን የመኪና ክሊር (ቀለም አልባውን የላይ ቅብ) ማስነፋት ነው። ሁለቱንም ቆርቆሮ አሳዩኝ በሏቸው፣ ቀለሙንና ሃርድነሩን። ልኬቱ ቆርቆሮው ላይ ተጽፏል። ያለ ሃርድነር የተነፋ እንደሆነ በትክክል አይጠነክርም፣ እና ለመቆጠብ ብለው የሚያሳንሱ አሉ። እቤት ራሴ እነፋለሁ የምትሉ ግን ተዉት፤ ሃርድነሩ ውስጥ ያለው አይሶሳያኔት የሚባል ኬሚካል ሳንባ ይጎዳል፣ የጨርቅ ማስክ ደግሞ አያቆመውም።

እንጨታችሁ ዋንዛ ከሆነ ቀዳዳው ክፍት ስለሆነ መጀመሪያ በመሙያ ድፈኑት፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት አልስልሱት። አለዚያ ክሊሩ እየሰመጠ ላዩ ጉድጓድ ጉድጓድ ይላል። አንገቱ የሚገባበትን ቦታ በቴፕ ሸፍኑ። እዚያ ቀለም ከወፈረ አንገቱ ልክ ብሎ አይቀመጥም።

ሃይላንዱን ገዝታችሁ የቀባችሁ ካላችሁ ደግሞ ላዩ ላይ ኒትሮ ነፍታችሁ ለማዳን አትሞክሩ፣ ሁሉም አብሮ ይሸበሸባል። በእሳትም አትንኩት። በመፋቂያ እስከ እንጨቱ ድረስ አውርዱት። ሰውየው ገንዘብ አይመልስም፣ ጠይቄዋለሁ። በሌላ ሃይላንድ ልቀይርልህ ነው ያለኝ።