ቴስትዲስክ፦ የጠፉ የዲስክ ክፍልፋዮችን የመለሰልን ፕሮግራም

በደብረ ማርቆስ በምንሠራበት ፎቶ ቤት የሰርግና የክርስትና ቪዲዮዎችን የምናስቀምጠው እያንዳንዳቸው 2 ቴራባይት በሚይዙ 4 ሃርድ ዲስኮች በተዋቀረ ሬይድ 5 (ብዙ ዲስኮችን እንደ አንድ የሚያሠራ አደረጃጀት) ላይ ነበር። ሬይድ 5 የአንድን ዲስክ መበላሸት ይቋቋማል፤ በእኛ ላይ ግን መብራት በተደጋጋሚ ከጠፋ በኋላ ሁለቱ በአንድ ጊዜ ከስብስቡ ወጡ። ሁለቱም ይነበቡ ስለነበር ስብስቡን መልሰን ብናስነሣውም ዲስኩ እንዴት እንደተከፋፈለ የሚመዘግበው የክፍልፋይ ሰንጠረዥ ባዶ ሆኖ ታየ።

ያዳነን ክሪስቶፍ ግርኒየር የሠራው፣ በነፃ የሚገኘውና የምንጭ ኮዱ ክፍት የሆነው ቴስትዲስክ ነው። ፕሮግራሙ የጠፉትን ክፍልፋዮች የሚያገኘው በዲስኩ ላይ የቀሩትን የፋይል ሥርዓት (ፋይሎች በዲስክ ላይ የሚደራጁበት መንገድ) ምልክቶች እየፈለገ ነው፤ በሬይድ 5 መረጃው በአራቱም ዲስኮች ላይ ተቆራርጦ የተበተነ በመሆኑም በአንድ ዲስክ ላይ ለብቻው ማስኬዱ ከንቱ ድካም ነው። ስለዚህ አስቀድመን እያንዳንዱን ዲስክ ዲዲሬስኪው በተባለው የዲስክ መገልበጫ ፕሮግራም ገለበጥን፣ ቅጂዎቹን ሊኑክስ ላይ ኤምዲአድም በተባለው የሬይድ ማዋቀሪያ ፕሮግራም አሰባሰብን፣ ቴስትዲስክንም ከዚያ በኋላ ብቻ በተሰበሰበው ላይ አስኬድን። ፈጣኑ ፍለጋ ምንም አላገኘም፤ ጥልቁ ፍለጋ ግን ሌሊቱን ሙሉ ከፈጀ በኋላ ሁለቱንም ክፍልፋዮች አወጣ። ሰንጠረዡን ከመጻፉ በፊት የፋይሎቹን ዝርዝር ማሳየቱን እጅግ ወድጄዋለሁ፤ የሙሽሮቹን ስም የያዙትን ማህደሮች በዓይኔ ሳላይ ለማስጻፍ አልደፍርም ነበር።

ጉድለቱ ገጽታው ነው፦ በማውስ አይሠራም፣ ምርጫዎቹም በእንግሊዝኛ ስለሆኑ ለጀማሪ ያስፈራሉ። አብሮት የሚመጣው ፎቶሬክ ደግሞ ፋይሎችን የሚመልሰው ያለ ቀድሞ ስማቸው ስለሆነ፣ እንደ መጨረሻ አማራጭ ብቻ እንድትይዙት እመክራለሁ።