ሮክሾክስ ሬኮን ሲልቨር አርኤል፦ ለባለ አንድ ማርሽ ብስክሌት ይሆናል?

ባለ አንድ ማርሽ የተራራ ብስክሌት የሚነዳ ሰው ዳገት ላይ ሴላው ላይ አይቀመጥም፤ ቆሞ፣ መሪውን እየሳበ ነው የሚረግጠው። ስለዚህ ፎርክ፣ ማለትም የፊት ጎማውን ይዞ ንዝረት የሚውጠውን ሹካ፣ ሲመርጥ ከምቾቱ በፊት ማየት ያለበት ቆሞ ሲረግጥ ስንት ጉልበት እንደሚበላበት ነው። ሬኮን ሲልቨር አርኤል በዚህ ሲመዘን ክብደቱ ያስወቅሰዋል እንጂ ሥራውን ያውቃል። የሚያስቀይመው ከካርቶኑ ወጥቶ፣ የፎርኩ እግር ላይ በተለጠፈው ሰንጠረዥ መሠረት አየር ተሞልቶ እንዳለ ሲነዳ ነው። ሰንጠረዡ የነጂውን ክብደት እንጂ አነዳዱን አያውቅም።

ሮክሾክስ እ.ኤ.አ. በ1989 አሜሪካ ውስጥ ተመሥርቶ ከ2002 ጀምሮ በስራም ኩባንያ ሥር የሚገኝ ነው። ሬኮን ከኩባንያው ሌሎች ፎርኮች መካከል ከጁዲ ከፍ፣ ከሬባና ከፓይክ ዝቅ ብሎ የተቀመጠ ዕቃ ነው። ሲልቨሩ የላይኛው ቱቦው 32 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ብረት ሲሆን ጎልድ የሚባለው አሉሚኒየም ነው። ብረት በመሆኑ ፎርኩ ከ2 ኪሎ ያልፋል። የዚሁ ኩባንያ ሲድ ኤስኤል 1.3 ኪሎ ገደማ ስለሆነ ልዩነቱን ያለ ሚዛን እጅ ያውቀዋል። ማርሹን፣ መቀየሪያውንና ሽቦውን አውልቆ የጣለ ሰው ካተረፈው ክብደት የተወሰነውን እዚህ ይመልሳል ማለት ነው።

ብዙዎቻችን ግን ሬኮንን የምናወዳድረው ከሲድ ጋር አይደለም፤ ዋጋቸው ዝቅ ባሉ ብስክሌቶች ላይ በብዛት ተገጥሞ ከሚመጣው ከሱንቱር ኤክስሲኤም ጋር ነው። ኤክስሲኤም በሞላ ይሠራል። አናቱ ላይ ያለውን ማዞሪያ ብታጠብቁት ሞላው ከመነሻው ይጨመቃል እንጂ ጥንካሬው አይለወጥም፤ 55 ኪሎ የሚመዝነውም 95 ኪሎ የሚመዝነውም ያንኑ ሞላ ይነዳል። የተለመደው ኤክስሲኤም ወደ ላይ የሚመለስበትን ፍጥነት መቆጣጠሪያም የለውም፤ ድንጋይ መትቶ ሲመለስ መሪውን ወደ እጅ ይወረውረዋል። ሬኮን ላይ የነጂው ክብደት በፓምፕ ይስተካከላል፣ ፍጥነቱን የሚገዛው የሪባውንድ ማዞሪያ ደግሞ ቀኝ እግሩ ሥር አለ። ለእነዚህ ለሁለቱ ብቻ ሲባል ቅያሬው ያዋጣል።

ከመግዛታችሁ በፊት ካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) ያዙ። አዲሱ ሬኮን የሚቀበለው የዲስክ ፍሬን ብቻ ነው፤ ቸርኬውን ከግራና ከቀኝ ጨምቆ ለሚይዘው የድሮ ፍሬን ማሰሪያ የለውም። የፊት ሞዞውን (የቸርኬውን እምብርት) ለኩ፦ አንዱ ዓይነት ፎርክ ለ100 ሚሊሜትር ሞዞና ለ9 ሚሊሜትር አክስል፣ ሌላው ለ110 ሚሊሜትር ሞዞና ለ15 ሚሊሜትር አክስል ነው፤ ሁለቱ አይወራረሱም። ወደ ቴላዮው (የብስክሌቱ አካል) የሚገባው ቱቦም ቀጥ ያለ 1⅛ ኢንች ወይም ከሥሩ እስከ 1.5 ኢንች የሚሰፋ ሊሆን ይችላል፤ የድሮ ቴላዮ ሰፊውን አያስገባም። ዕቃው ከአሜሪካ በዘመድ ሻንጣ ተጉዞ መጥቶ አልገባም ማለቱ እዚህ አገር የተለመደ ኪሳራ ነው። የሚወርድበትን ርዝመት በተመለከተ፣ ቴላዮው ለ120 ካልተሠራ በቀር 100 ሚሊሜትሩን ውሰዱ። ፎርኩ በ20 ሚሊሜትር በረዘመ ቁጥር የብስክሌቱ ግንባር በአንድ ዲግሪ ያህል ወደ ኋላ ይጋደማል፤ ዳገት ላይ ቆማችሁ ስትረግጡ የፊት ጎማው መንገዱን ትቶ ይቅበዘበዛል።

አየሩን ጎሚስታ ቤት አትሙሉ። የፎርኩ የአየር ክፍል ትንሽ ስለሆነ ኮምፕረሰር በአፍታ ከልክ ያሳልፈዋል፣ ጎሚኒዎቹንም ይጎዳል። የሾክ ፓምፕ የግድ ነው። ቫልቩ ግራ እግሩ አናት ላይ ካለው ክዳን ሥር ይገኛል። ሬኮን በአንድ ቫልቭ ሁለት ክፍል ነው የሚሞላው፦ ወደ ላይ የሚገፋውንና ከሥር ሆኖ አነሳሱን የሚያለዝበውን። ሁለቱ እንዲመጣጠኑ 50 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ላይ አቁሙና ፓምፑን ሳትነቅሉ መሪውን አምስት ስድስት ጊዜ በዝግታ ተጫኑ። ቁጥሩ ይወርዳል፤ ጨምሩ፣ እንደገና ተጫኑ። ይህን የዘለለ ሰው ፎርኩ መነሻው ላይ ድርቅ ይልበታል። ፓምፑ ሲነቀል የሚሰማው «ጵስ» በአብዛኛው ከፓምፑ ቱቦ የወጣ አየር እንጂ ከፎርኩ የጠፋ አይደለም። ለማረጋገጥ ብላችሁ መልሳችሁ ስትሰኩት ቱቦው የራሱን ድርሻ ስለሚወስድ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ይታያል፤ በዚህ ተደናግጠው አየር እየጨመሩ ፎርኩን ግንድ የሚያደርጉት ብዙ ናቸው።

የከፍታን ነገር መመሪያው ላይ አታገኙትም። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የውጭው አየር ግፊት ከባሕር ወለሉ በ3.5 ፒኤስአይ ያህል ያንሳል። ስለዚህ ዋሽንግተን ላይ 80 ተብሎ የተሞላ ፎርክ እዚህ ሲለካ ወደ 84 ይጠጋል። ይህን በፓምፕ ታስተካክሉታላችሁ። ተደብቆ የሚያስቸግረው ታችኛው እግር ውስጥ፣ ከአቧራ መከላከያው ጎሚኒ ሥር ታምቆ የቀረው አየር ነው። ፎርኩ ዝቅተኛ ቦታ ላይ ተገጣጥሞ ወደ ከፍታ ሲመጣ ያ አየር እንደ ሁለተኛ ሞላ ይሆናል፤ አየሩን ብትቀንሱም የመጨረሻዎቹ 15 ወይም 20 ሚሊሜትሮች አልወርድ ይላሉ። መፍትሔው ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ ነው። ጫፉን አለስልሱ፣ ትንሽ ግራሶ ቀቡት፣ የፊት ጎማውን ከመሬት አንሡ፣ ማሰሪያውን በቱቦውና በጎሚኒው ከንፈር መካከል ጥቂት ሚሊሜትር አስገቡት። አጭር ትንፋሽ ይሰማል። ሁለተኛውንም እግር እንዲሁ። በካቻቢቴ መሞከር የለም፤ ቱቦው አንዴ ከተጫረ ዘይቱ በዚያው መንገድ ይወጣል፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ ይዝጋል።

አሁን ሳግ፣ ማለትም ሰው ሲወጣበት ፎርኩ የሚሰምጠው። ለአገር አቋራጭ አነዳድ ከ20 እስከ 25 በመቶ ይባላል፤ ለባለ አንድ ማርሽ ከ15 እስከ 20 በቂ ነው፣ በ100 ሚሊሜትር ፎርክ ከ15 እስከ 20 ሚሊሜትር ማለት ነው። ዋናው ነገር ቆሞ መለካቱ ነው። ፎርኩ እንዳይሰምጥ የሚይዘውን መቆለፊያ ክፈቱ፣ ሰው ብስክሌቱን ይያዝላችሁ፣ ፔዳሎቹን አግድም አድርጋችሁ ቁሙባቸው፣ እጃችሁን መሪው ላይ እንደምትነዱት አድርጉ፣ የፊት ፍሬን አትያዙ። ቱቦው ላይ ያለውን የጎማ ቀለበት እስከ ጎሚኒው አውርዳችሁ ቀስ ብላችሁ ውረዱና ክፍተቱን ለኩ። ማስተካከያው በ5 ፒኤስአይ ነው። ተቀምጠው ለክተው 20 አገኘን የሚሉ ሰዎች ዳገት ላይ ቆመው ሲረግጡ 30 ላይ ናቸው፤ ፎርኩም በእያንዳንዱ ርግጫ ይሰግዳል። በሌላ በኩል ከባዱ ቁልቁለታችሁ ላይ እንኳ ቀለበቱ ከመጨረሻው ከ15 ሚሊሜትር በላይ ርቆ ከቀረ አየሩ በዝቷል።

ሪባውንዱን ከመካከል ጀምሩ። ሴላው ላይ ተቀምጣችሁ ከእግረኛ መንገድ ጠርዝ ውረዱ፤ ፎርኩ ወርዶ፣ ተመልሶ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ተወዛውዞ ቢረጋ ልክ ነው። ደጋግሞ ከዘለለ አዝግሙት። ቁልቁለት ላይ ድንጋይ ሲደራረብ እየሰመጠ ከሄደ ደግሞ ለመመለስ ጊዜ አጥቷልና አፍጥኑት። አየር በጨመራችሁ ቁጥር አንድ ሁለት ጠቅታ ማዝገም ያስፈልጋል።

መቆለፊያው የቀኝ እግሩ አናት ላይ ነው። ሲቆለፍ እንደ ብረት አይደርቅም፤ ጥቂት ሚሊሜትር ይሰጣል። ይህ ብልሽት አይደለም። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚወጣው አስፋልት ላይ ቆልፉት፣ ኮረት ላይ ስትገቡ ክፈቱት። ሳጉ በትክክል ከተለካ ጫካ ውስጥ መቆለፍ አያስፈልግም።

ፎርኩን ይህን ያህል አክርሮ ማስተካከል ትርጉም የሚኖረው ማርሹ ተገቢ ሲሆን ነው። የፊት 32 ጥርስ፣ የኋላ 16 የሚባለው የድሮ ልማድ ለ26 ኢንች ጎማ የወጣ ነው፤ በአንድ ዙር ርግጫ 4.1 ሜትር ያህል ይሄዳል። ለአዲስ አበባ ዳገት ይከብዳል። በ26 ኢንች ጎማ 32 በ18፣ በ29 ኢንች ደግሞ 32 በ20 ሁለቱም 3.7 ሜትር ገደማ ይሰጣሉ። እንጦጦን አዘውትሮ ለሚወጣ በ29 ጎማ 32 በ22 ይሻላል፣ 3.35 ሜትር ነው። በደቂቃ 90 ዙር ሲረገጥ በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ሜዳ ላይ ከዚያ በላይ ለመሄድ እግር ይሮጣል። ቀጥ ያለ ዳገት በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ስትወጡ 30 ዙር ብቻ ነው የምትረግጡት፣ ቆሞ መርገጥ ግዴታ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

የኋላው ጥርስ ከድሮ ካሴት (ከባለ ብዙ ማርሽ የኋላ ጥርሶች ስብስብ) ተነቅሎ የተገጠመ አይሁን። ካቴናውን ወደ ጎን እንዲያሻግሩ የተቀረጹ ጥርሶች ስላሉት ስትረግጡ ይጥለዋል፤ ስስ በመሆኑም ጥርሱ የሚሰካበትን አሉሚኒየም ፍሪሃብ ይበላል። ሥሩ 4 ሚሊሜትር ያህል የሚሰፋውን የብረት ጥርስ ፈልጉ፣ ግራና ቀኙን በራንዴላ ሙሉት። የፊትና የኋላ ጥርሶች ከቴላዮው መካከል እኩል ይራቁ፤ ልዩነቱ ከ2 ሚሊሜትር ካለፈ ካቴናው ይጮኻል፣ ይወልቃል። ፍሪዊሉ (ከነጥርሱ የሚዞረው ክፍል) እንደ ቡሎን ዙሮ በሚገባበት በድሮው ሞዞ ላይ የቢኤምኤክስ ፍሪዊል ይገባል፤ ግን ወደ ውስጥ ስለሚጠጋ የአክስሉን ራንዴላዎች ከቀኝ ወደ ግራ አዛውሮ ቸርኬውን በራጂ መልሶ መሃል ማምጣት ግድ ነው። ራጂ አሳሪ ካላወቃችሁ አትጀምሩት።

ካቴናው በመካከሉ ወደ ላይና ወደ ታች 1 ሴንቲሜትር ያህል ይነቃነቅ። ፔዳሉን በዝግታ እያዞራችሁ ተመልከቱ፤ አንድ ቦታ ላይ ይወጠራል፣ ሌላ ቦታ ላይ ይላላል። የፊት ጥርሱ ስላልተማከለ ነው። ቡሎኖቹን ጥቂት አላሉና በተወጠረበት ቦታ ካቴናውን በመዶሻ እጀታ መታ መታ አድርጉት፣ ከዚያ አጥብቁ። ቴላዮው የኋላ ጎማውን ወደ ኋላ የሚስቡበት ቦይ ከሌለው መወጠሪያ ያስፈልጋል። ቦይ ካለው ደግሞ የቀኙ ዳዶ ይጥበቅ፣ በርግጫ የሚንሸራተተው በዚያ በኩል ነው።

ስለ ጥገና፦ ሮክሾክስ የታችኛው እግር በየ50 ሰዓት ጉዞ ይከፈት ይላል፤ የበጋ አቧራና የክረምት ጭቃ ላለበት መንገድ ይህን ማሳለፍ አይገባም። አየሩ ሙሉ በሙሉ ይወጣል፣ የሪባውንዱ ማዞሪያ ይሳባል፣ ከሥር ያሉት ሁለት ቡሎኖች በ5 ቁጥር ብሩጎላ ሦስት አራት ዙር ይላላሉ። ከዚያ ቡሎኖቹ ሳይወጡ በጎማ መዶሻ ይመታሉ። አውጥቶ መምታት የውስጡን ዘንግ ጥርስ ያበላሻል። ታችኛው እግር ሲወጣ ጥቁር ዘይት ይፈስሳል፤ ውስጡ በንጹሕ ጨርቅ ይጠረጋል፣ ፎርኩ ተጋድሞ በቡሎኑ ቀዳዳ አዲስ ዘይት ይገባል። መጠኑና ዓይነቱ ከዓመት ዓመት ስለሚለያይ ከፎርኩ ሴሪያል ቁጥር ተነሥታችሁ መመሪያውን እዩ፤ የሞተር ዘይት አይተካውም። ቡሎኑ በ7.3 ኒውተን ሜትር ይጠብቃል።

ሁለት ብልሽት ይደጋገማል። አንደኛው ፎርኩ ሰምጦ ወደ ሙሉ ቁመቱ አለመመለሱ ነው። አየር ወደ ታችኛው ክፍል ሾልኳል ማለት ነው፤ ቀስ ብላችሁ አውጡና እንደ አዲስ ሙሉት፣ ከደገመው የአየር ጎሚኒው ይቀየር። ሁለተኛው ፍሬን ሲያዝ የሚሰማ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ነው፤ ጥፋቱ የመሪው ኩሽኔታ ይሁን የፎርኩ ቡሽ (ቱቦው የሚንሸራተትበት የውስጥ ቀለበት) ለመለየት የፊት ፍሬን ይዛችሁ ብስክሌቱን ወደፊትና ወደ ኋላ ናጡት፣ ጣታችሁን መጀመሪያ ኩሽኔታው ላይ፣ ቀጥሎ በጎሚኒውና በቱቦው መገናኛ ላይ አድርጉ። ኩሽኔታ በአንድ ብሩጎላ ይጠብቃል። ያለቀ ቡሽ ግን ሲልቨር ላይ ከሆነ ወጪው አያዋጣም።

ለውድድር ክብደት ለሚቆጥር ወይም 29 ኢንች ጎማ ይዞ ትላልቅ ዝላይ ለሚዘል ሰው ሬኮንን አንመክርም፤ በተለይ ባለ 9 ሚሊሜትር አክስሉ ኩርባ ላይ ይጠማዘዛል። በሳምንት ሁለት ሦስቴ ጫካ ለሚወጣ፣ መፍቻ መያዝ ለማይፈራ ሰው ግን ከዚህ በላይ መክፈል አያስፈልግም። ያገለገለ ከሆነ የምትገዙት፣ ሻጩ ፊት አየሩን አስወጥታችሁ እስከ መጨረሻው ተጫኑት፤ ሲጫን በሚደበቀው የቱቦው ክፍል፣ ጎሚኒው በሚንሸራተትበት ላይ የዝገት ነጥብ ካያችሁ በማንኛውም ዋጋ ተዉት።