የተጎታች ቤታችንን ግድግዳ ለጠገኑልን ባለሙያ የቀረበ ምስጋና እና ጥቆማ

ከሁለት ወር በፊት የተጎታች ቤታችንን የተላቀቁ የማዕዘን ክፈፎችና የውጭ ግድግዳ ላሜራዎች ጠግነው ያስረከቡንን ባለሙያ በቃል ባመሰግናቸውም አልበቃኝም፤ በተጨማሪም «እንዲህ ያለውን ሥራ በደንብ የሚሠራ ሰው የት ይገኛል?» እያላችሁ ለምትጠይቁ ይጠቅማል ብዬ ስላመንኩ ይህን ጽሁፍ ለመጻፍ ተነሳሁ። ባለሙያው ስማቸውና ስልካቸው በአደባባይ እንዲወጣ አልፈለጉም፤ ምክንያታቸውም የያዙትን ሥራ ሳይጨርሱ ሌላ መቀበል ስለማይወዱ ነው። የምትፈልጓቸው በውስጥ መስመር ብትጽፉልኝ እርሳቸውን አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ።

ችግሩን በመጀመሪያ ያወቅነው በድምፅ ነበር። መኪናው ፍጥነት ሲጨምር ከተጎታቹ የኋላ ቀኝ ማዕዘን አንድ ነገር ይንቀጫቀጫል፣ ስንቆም ደግሞ ጸጥ ይላል። ወርጄ ስመለከት ሁለቱ ግድግዳዎች የሚገናኙበትን መስመር ከላይ እስከ ታች የሚሸፍነው የአሉሚኒየም ክፈፍ ከታችኛው ጫፉ ሁለት ጣት ያህል ተነስቷል፤ ከሥሩ ያለው ላሜራም በመዳፍ ሲገፉት ገባ ወጣ ይል ነበር። የብሎኖቹን ራስ የሚሸፍነው የፕላስቲክ ጥብጣብ በዕድሜ ብዛት አጥሮና ደርቆ ከቦታው ወጥቷል። ይኸው ቦታ ከአንድ ዓመት በፊትም ላልቶብን ወደ ሌላ ጠጋኝ ወስደነው ነበር፤ ማንነቱን ማንሳት አልፈልግም፣ ያደረገው ግን ረዘም ያሉ ብሎኖች አስገብቶ ዳር ዳሩን በሲሊኮን መድፈን ብቻ ነበር። ሥራው ለዓይን ያማረ ስለነበር እኛም አመስግነን፣ ከፍለን ሄድን።

ጋሼ (እኔ እንዲህ ነው የምጠራቸው፣ እርሳቸውም «ልጄ» ይሉኛል) ተጎታቹን በተረከቡ ዕለት የተነሳውን ክፈፍ አልነኩትም። መሰላል አቁመው በቀጥታ ወደ ጣሪያው ወጡ። ታች ለላላው ነገር ላይ ምን እንደሚፈልጉ ግራ ገብቶኝ ስጠይቃቸው፣ ውኃ የሚታይበት ቦታና የሚገባበት ቦታ ብዙ ጊዜ እንደማይገናኝ፣ ከላይ የገባው ጠብታ በግድግዳው ውስጥ ባሉት እንጨቶች ላይ እየተንሸራተተ ታች ማዕዘኑ ላይ እንደሚጠራቀም አስረዱኝ። እውነትም ጣሪያውና ግድግዳው በሚገናኙበት ጠርዝ፣ በረጅሙ ክፈፍ ሥር፣ ማሸጊያው ፀጉር በምታህል ስንጥቅ ከአሉሚኒየሙ ተላቆ ተገኘ። አሉሚኒየም ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ በጨመረ ቁጥር በእያንዳንዱ ሜትር 0.023 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። ሲሰሙት ኢምንት ይመስላል፤ ነገር ግን 6 ሜትር የሚሆን ክፈፍ በሌሊት ብርድና በቀትር ፀሐይ መካከል የ40 ዲግሪ ልዩነት ካጋጠመው ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ይረዝምና መልሶ ያጥራል ማለት ነው። የደረቀ ማሸጊያ ይህን ሁሉ አብሮ ሊለጠጥ ስለማይችል ይላቀቃል፣ የመንገዱ መንገጫገጭ ደግሞ ያፋጥነዋል።

ከጣሪያው እንደወረዱ ሁለት መርፌዎች ያሉትን የእርጥበት መለኪያ ይዘው ግድግዳውን ከውስጥ በኩል ዞሩት። መለኪያው ደህና በሆነው በግራ ማዕዘን 12 በመቶ ሲያሳይ በቀኙ ታችኛ ማዕዘን 31 በመቶ አሳየ። እንጨት ከ20 በመቶ በላይ እርጥበት ይዞ ሲቆይ ለመበስበስ እንደሚጋለጥ የነገሩኝም በዚሁ ጊዜ ነው። ከዚያ ክፈፉን ማውለቅ ጀመሩና አንዱን ብሎን አንስተው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። ራሱ ያብረቀርቃል፤ አንገቱ ግን በዝገት ተበልቶ መርፌ አክሏል፣ በጥርሶቹም መካከል ሲነኩት እንደ ረጠበ ቡና አተላ የሚፈርስ የእንጨት ብናኝ ተጣብቆበታል። «ልጄ፣ ብሎኑ አልላላም፤ የያዘው እንጨት ነው የሄደው» አሉኝ። የላሜራውን ጠርዝ እንደ መጽሐፍ ገጽ ገለጥ አድርገው ሞራሌውን (ግድግዳውን ከውስጥ የያዘውን እንጨት) በካቻቢቴ ሲነኩት ጫፉ ያለ ምንም ጉልበት ጠልቆ ገባ። ያ ያመሰገንንበት ሲሊኮን ከላይ የሚወርደውን ውኃ ሳያስቀር ታች መውጫውን ብቻ ዘግቶበት ኖሯል።

የበሰበሰውን ሞራሌ ደህና እንጨት እስኪያገኙ ድረስ ቆርጠው አወጡ፣ በምትኩም ልኩ እኩል የሆነ አዲስ እንጨት ከነባሩ ጎን አስጠግተው በኮላና በብሎን አሰሩት። ውኃ የጠጣውን የሙቀት መከላከያ አውጥተው ጣሉት። ቀጥለው ግድግዳውን ሳይዘጉ ማራገቢያ አስገብተው ለሦስት ቀናት አደረቁት፤ እኔ በበኩሌ ለጉዞ ስለቸኮልኩ በሁለተኛው ቀን ቢዘጋ ምን ይላል ብዬ ነበር፣ እርሳቸው ግን መለኪያውን አምጥተው ቁጥሩን አሳዩኝና ዝም አልኩ። ሊዘጉ ሲሉ ደግሞ ደውለው ጠሩኝ፦ «ከተዘጋ በኋላ የምታየው ክፈፉን ብቻ ነው፤ ሳይዘጋ መጥተህ እየው።» ለዚህ ሥራ ከፍሎ የሚያውቅ ሰው የዚህችን ጥሪ ዋጋ ይረዳል።

ከሁሉ የበለጠ ጊዜ የወሰደው፣ ይገርማችኋል፣ ያለፈውን ዓመት ሲሊኮን ማስወገዱ ነበር። ሲሊኮን ባለበት ቦታ ላይ ሌላ ማሸጊያ ስለማይይዝ፣ ቀለሙ እንዳይጫር በፕላስቲክ መፋቂያ እየላጡ አንድ ሙሉ ቀን ከግማሽ ፈጀባቸው። አሮጌዎቹ የብሎን ቀዳዳዎች ሰፍተው ስለነበር በኮላ የተነከሩ የእንጨት ችካሎች ደፈኑባቸውና እንደ አዲስ በሱ። ከክፈፉ ሥር ለረጅም ጊዜ ለስላሳ ሆኖ የሚቆየውን የቡቲል ጥብጣብ (እንደ ማስቲካ የሚለጠፍ ማሸጊያ) አነጠፉ፤ ብሎኖቹንም በአይዝጌ ብረት ተክተው ከመካከል ወደ ጫፎቹ እየሄዱ በእጅ አጠበቁ። ማሽን ያልተጠቀሙት፣ አለልክ የጠበቀ ብሎን ቀጭኑን ክፈፍ ስለሚያጎብጠውና ቡቲሉን ጨምቆ ስለሚያስወጣው ነው። በማግሥቱ ቡቲሉ ረግቶ ሲያገኙት እያንዳንዱን ብሎን ሩብ ዙር ያህል ጨመሩለት፣ ዳር የወጣውንም በፕላስቲክ ቢላ ከረከሙት። የላይኛውን ጫፍና ጎኖቹን ካሸጉ በኋላ የታችኛውን ጫፍ ክፍት ተዉት፤ አንድ ቀን ውኃ ቢገባ እንኳ መውጫ እንዲኖረው ነው። አዲሱን የፕላስቲክ ጥብጣብም ፀሐይ ላይ አፍታተው፣ ሳይወጥሩ፣ በሁለቱም ጫፍ ጥቂት ትርፍ ትተው ከተቱት፤ ተወጥሮ የገባ ጥብጣብ ቶሎ ያጥራል።

እኔ አራቱም ማዕዘኖች እንዲታደሱ ጠይቄያቸው ነበር። ሁለቱን አንኳኩተው፣ ለክተው፣ አንድ ሁለት ብሎን ፈትተው ካዩ በኋላ «ያልታመመ ጥርስ አይነቀልም» ብለው ባሉበት ተዉአቸው። ሂሳቡም ሲጀመር ከገመቱት ዝቅ ብሎ መጣ፤ ግምቱን የሰጡኝ ግድግዳው ሳይከፈትና ከተከፈተ በኋላ በሚል በሁለት ከፍለው ስለነበር ምኑ እንደቀነሰ ግልጽ ነበር።

ነቀፌታ የሌለው ጥቆማ ስለማይታመን የታዘብኩትንም ልናገር። በአምስት ቀን ያልቃል የተባለው ሥራ ዘጠኝ ቀን ፈጅቷል፣ ስልክም ሥራ ላይ ሆነው አያነሱም። የአዲሱ ጥብጣብ ነጭነት ከነባሮቹ ጋር ስለማይመሳሰል ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ይለየዋል። ደግሞም የሚሠሩት እንደ እኛው ባለ ሞራሌና ላሜራ ግድግዳ ላይ ብቻ ነው። ፋይበር ግላስ፣ ስስ ኮምፔንሳቶና ፎም አንድ ላይ ተጣብቀው የተሠሩበት ግድግዳ ያላቸው ሰዎች፣ በተለይ ግድግዳው እንደ ፊኛ ያበጠባቸው፣ ሌላ ባለሙያ ቢፈልጉ ይሻላል፤ ጋሼ ራሳቸው እንዲህ ያለ ተጎታች ይዞ የሄደውን ወዳጄን «ይህ የእኔ ሥራ አይደለም» ብለው በአክብሮት መልሰውታል።

ከማስረከባቸው በፊት እኔን ባትሪ አስይዘው ከውስጥ አስቀመጡኝና እርሳቸው በውጭ በኩል ከታች ጀምረው ወደ ላይ፣ ክፍል በክፍል፣ በጎማ ውኃ አርከፈከፉ። ከላይ ከተጀመረ ውኃው ሁሉንም ቦታ በአንድ ጊዜ ስለሚያርስ የገባበትን መለየት ያስቸግራል። ግማሽ ሰዓት ያህል ማዕዘኑን ሳፈጥበት ቆየሁ፤ አንዲት ጠብታ አላየሁም። ከዚያ ወዲህ በኮረኮንች መንገድ ሁለት ረጅም ጉዞ አድርገናል፣ በአንደኛውም ሌሊቱን ሙሉ ዘንቦብናል። ባለፈው ሳምንት በቀጠሯችን መሠረት ለፍተሻ ስወስድላቸው መለኪያውን እዚያው ቦታ ላይ ተክለው 13 በመቶ አነበቡ፣ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ሞከሩ፣ ለዚህም ምንም አላስከፈሉኝም። ጋሼ፣ ይህ ጽሁፍ ከደረስዎት፣ ቤተሰቤ በሙሉ እጅዎ ይባረክ ይላል።